የአበባው ወራት የልጆቼ ውሎ፤ ቅዳሜን ለፈተና ጥናት ልስጥባቸው ወይስ ልተውላቸው?

የሰባ ደረጃው አባት፣ ኅዳር 3

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም ሳይርቅ ነው። የ11 እና የ7 ዓመት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ የ6ኛ፣ ትንሿ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ከፈካበት ጊዜ አንሥቶ ልጆቼ ያዩትንና የሠሩትን ላካፍላችሁ፣ በመጨረሻም ሐሳቤ የተከፈለበትን ጉዳይ ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። አባት ስለ ልጆቹ ሲናገር ማሳጠር አይሆንለትምና አስቀድሜ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

የዘንድሮው ነገራቸው የጀመረው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በአበባየሆሽ ነው። አካባቢያችን ሲፈርስና ሲሠራ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ኮንዶሚኒየም ስለ ሄዱ፣ ድሮ ከአንድ ግቢ ብቻ ይወጣ የነበረውን የልጃገረዶች ቡድን ለማሟላት ልጆቹ ዘንድሮ ከየአቅጣጫው መጠራራት ነበረባቸው። ትልቋ ከበሮ መቺ፣ ትንሿ አበባ ያዥ ሆነው ከቤት ወደ ቤት ዞሩ፤ ያገኙትን ገንዘብ ለመከፋፈል ያደረጉትን ክርክር ግን የሰፈራችን የእድር ዳኛ ቢሰማው ኖሮ ይማርበት ነበር። ትልቋ በድርሻዋ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ትንሿ ደግሞ የውኃ ቀለም ገዛች።

ደብተሩ የወፍ ደብተር ነው። ትልቋ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ጣሪያ ላይ የሚሰፍሩትን እርግቦች መመልከት ልማድ አድርጋ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ያየችውን ሁሉ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የምንቃሩን ቅርጽና ወፉ በዚያ ሰዓት ምን ያደርግ እንደ ነበር እየጻፈች መመዝገብ ጀመረች። እርግጠኛ ላልሆነችበት ወፍ ስም አትሰጥም፤ ትሥለውና «ስሙ ያልታወቀ» ብላ ከሥሩ ጥቂት መስመር ባዶ ትተዋለች። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ ፊት ስለ እርግቦቹ አቅርባ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን እናቷ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እኔን ያኮራኝ ደግሞ አንድ ተማሪ እርግቦቹ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈለፍሉ ሲጠይቃት ከራሷ ፈጥራ ሳትናገር «እሱን ገና አላየሁም» ብላ መመለሷ ነው።

ከመስቀል በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል በታክሲ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ነበር። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ እንደ ሆነ ስነግራቸው፣ ትንሿ ንጉሡ ታዲያ ለምን ትተውት ወረዱ አለችኝ። የማገዶውን እጥረትና የፍል ውኃውን ነገር ሳስረዳት በብርድ እየተንቀጠቀጠች «ጥሩ አደረጉ» ብላ ፈረደች። እሷ የታላቋን ያህል ወፍ የመጠበቅ ትዕግሥት የላትም፤ እኛ ሣሩ ውስጥ አቀርቅረን ስንጠብቅ እሷ መሬቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሥምራ ትዘላለች፤ ወፎቹንም የምታባርርብን እሷው ናት።

የእሷ ቦታ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽ ትልቅ ሰው ሆና የሞተች ስትሆን ቁመቷ ግን ከ1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዳልዘለለ ስታውቅ፣ ራሷን በራሷ ለካችና እንደምትበልጣት አረጋገጠች። ከዚያ ወዲህ ድንቅነሽን ደጋግማ ትሥላለች፤ በመጨረሻው ሥዕል ላይ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ አልብሳ ቦርሳ አሲዛታለች። ከዚህም ሌላ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በተሠራው የብስክሌት መስመር ላይ፣ ከአክስቷ ልጅ በተዋሰችው ብስክሌት፣ ያለ ደጋፊ መንዳት ችላለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ትልቋ ዓመቱ ሲያልቅ በከተማ ደረጃ የሚሰጠውን የ6ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። በሌላው ትምህርት ደህና ናት፤ ሒሳብ ላይ ግን ትደክማለች። ዘመዶቻችን ከዚህ ወር ጀምሮ ቅዳሜን ሙሉ ቀን የማጠናከሪያ ትምህርት እንዳስገባት እየወተወቱኝ ነው፤ እህቴማ «ወፍ ቆጥሮ ያለፈ ተማሪ አሳየኝ» ትለኛለች። ለትንሿም ክፍያ የሚጠየቅበት የሥዕል ትምህርት እንዳስጀምራት የመከሩኝ አሉ። ቅዳሜን ብወስድባት የምታጣው ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ባልወስድባት ሰኔ ላይ የሚመጣውን ግን አላውቅም። እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ትልቋ በመስከረም በእንጦጦ ግርጌ ታያቸው የነበሩት ቀያይና ቢጫ የመስቀል ወፎች እየጠፉ ነው ብላ አዝናለች፤ ወዴት ሄዱ ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም።


የሦስት ሴቶች እናት፣ ስድስት ኪሎ

ወንድሜ፣ ልጆችዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። እኔ ሦስቱንም በዚህ ዕድሜ አሳልፌአለሁና የማውቀውን ልንገርዎ። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ ዛሬ ኅዳር ነው። በኅዳር ቅዳሜን ሙሉ የተቀማች ልጅ መጋቢት ላይ ሰልችቷት ደብተር ስታይ ራሷን ያማታል፤ ይህን በታላቂቱ ልጄ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለሒሳብ የሚያስፈልጋት የሚመስለኝ ሳይቋረጥ የሚደጋገም አጭር ጊዜ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ምሽት አንድ አንድ ሰዓት ከሚያስረዳት ሰው ጋር ብትቀመጥ፣ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ቅዳሜን ሙሉ ከምትውል የበለጠ ትይዛለች።

ቅዳሜን ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ለመዝናኛ ይተዉ አልልዎትም። እኛ የምናደርገው ጠዋት ወጥተን ከቀትር በኋላ አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መግባት ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ሆኗል፤ ለልጆች የተለየ ቦታም አለው። ልጆቹ የእግር መንገዱ ስላደከማቸው ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔም በዚያ ሰዓት የራሴን ሥራ እሠራለሁ። ከእንጦጦ ሲወርዱ መንገድዎ ስለሆነ ይሞክሩት። ቆሎና ዳቦ ከቤት መያዝ ነው፤ በየፓርኩ የሚሸጠውን ለቤተሰብ ሙሉ መግዛት ጀምረው ከሆነ የወር ደመወዝዎ ወዴት እንደ ሄደ እኔ ልነግርዎ እችላለሁ። አንድነት ፓርክም ሆነ ወዳጅነት ፓርክ ደስ ይላሉ፤ አልፎ አልፎ በበዓል እንጂ ለየሳምንቱ የሚሆኑ አይመስሉኝም። አሁን የሚሄዱባቸው ቦታዎች ለልጆቹም ለኪስዎም ይስማማሉ።

የትንሿን የሥዕል ትምህርት በተመለከተ፣ ልጅቷ ራሷ ካልጠየቀች አይቸኩሉ። መካከለኛዋ ልጄ ሥዕል ስትወድ አይተን አስመዘገብናት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፖም፣ ጠርሙስና ማሰሮ ብቻ እያስቀመጡ አሥለዋት፣ ቤት ውስጥ የምትሥለውንም እርግፍ አድርጋ ተወችው። ድንቅነሽን የደንብ ልብስ የምታለብስ ልጅ ለጊዜው ወረቀትና ቀለም ካልጎደላት በቂዋ ነው።


የባዮሎጂ መምህር

የልጅዎ ወፎች አልሄዱም፤ ልብሳቸውን ቀይረው ነው። በመስከረም በሣር ላይ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ሆነው የምናያቸው ወንዶቹ ናቸው፤ ያ ቀለም ዝናብ በሚኖርበትና ሣሩ በሚረዝምበት የመራቢያ ወቅት ሴቶቹን ለመሳብና ሌሎች ወንዶችን ለማስፈራራት የሚለብሱት ነው። ዝናቡ ሲያቆምና ሣሩ ዘር አፍርቶ ሲደርቅ ላባቸውን ያረግፉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ፣ መስመር መስመር ያለበት ላባ ያበቅላሉ። አንዳንዶቹ ቀድመው፣ አንዳንዶቹ ዘግይተው ይለውጣሉ፤ ስለዚህ በዚህ ወር ግማሽ ቀይ ግማሽ ቡናማ የሆነ፣ ለዓይን የተጎሳቆለ የሚመስል ወፍ ብታይ የታመመ እንዳይመስላት። በየዓመቱ ለመስቀል ብቻ መጥቶ የሚሰወር ወፍ አለ የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ወፉ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ነው፤ ከድንቢጥ መለየት ስለሚያስቸግር ብቻ አናየውም። ሕዝቡ የመስቀል ወፍ የሚለውም አንድ ዝርያን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ያጌጡትን፣ ረጅም ጭራ የሚያወጡትንም ጭምር የሚያጠቃልል ስም ነው።

ስለ ጊዮርጊስ እርግቦች ልጅዎን ልጨምርላት የምፈልገው ነገር አለ። እዚያ አካባቢ ሁለት ዓይነት ይገኛሉ። አንደኛው በዓለም ከተሞች ሁሉ ያለው፣ ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለዋወጠው የከተማ እርግብ ነው። ሁለተኛው አመድማ ቡናማ ሆኖ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ግማሽ ቀለበት ያለው፣ ሲበርም ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይበት ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። በተፈጥሮው ገደል ላይ የሚኖር በመሆኑ የካቴድራሉ ከፍ ያለ ግንብ ይመቸዋል። ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ ሁለቱን ለይታ እንደ ሆነ ብታረጋግጥ፣ ለክበቡ ሁለተኛ ዙር የምታቀርበው ነገር አገኘች ማለት ነው። በእንጦጦም ምንቃሩ በጣም ወፍራም የሆነውንና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቅ ቁራ፣ እንዲሁም ረጅም ቁልቁል የታጠፈ ምንቃር ያላትን፣ ከጉሮሮዋ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባትንና በሰፊ ግቢዎች ሣር ላይ እየተጯጯኸች የምትመገበውን ወፍ ትፈልግ፤ ሁለቱም የዚሁ ደጋ ልጆች ናቸው።

አደይ አበባን ትንሿ እየሣለች ከሆነ ደግሞ አንዷን አበባ ከመሐሏ ሰንጥቃችሁ በአጉሊ መነጽር አሳዩአት። እኛ አንድ አበባ የምንላት ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰባስበው የሠሯት ናት፤ ዳር ዳሩን የከበቡት ቢጫ ቅጠል መሰሎችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው። ኑግና ሱፍም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ስለዚህ አደይ አልፎም ቢሆን በኑግ አበባ ልታዩት ትችላላችሁ።

የአበባው ወራት አለፈ ብላችሁ ደብተሩን እንዳትዘጉት። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ወደ አገራችን ይገባሉ፤ እስከ መጋቢትና ሚያዝያም ይቆያሉ። ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች ሣር ላይ የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ካያችሁ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ልትሆን ትችላለች። ለወፍ ተመልካች ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከመስከረም አያንስም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቅጠሉም ይሳሳል።


የሒሳብ አስጠኚ

የስድስት ኪሎዋን እኅቴን አክብሬ በከፊል አልስማማም። ሒሳብ እንደ ደረጃ ነው፤ በ5ኛ ክፍል የጎደለ ክፍልፋይ በ6ኛ ክፍል መቶኛን፣ በ8ኛ ክፍል ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ከትምህርት ቤት ደክማ የመጣች የ11 ዓመት ልጅን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ክፍልፋይ ማስተማር ምን እንደሚመስል በየዕለቱ የማየው እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ክፍት ሆኖ እሷ ግን የለችም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ትኩስ አእምሮ ያለበት ሰዓት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓቱን ለጥናት ይስጡ እላለሁ። ሙሉ ቀን የሚለውን ግን እኔም አልደግፈውም፤ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ የሚከፈለው ገንዘብ ልጁን ለመጠበቅ እንጂ ለማስተማር አይደለም።

ለእህትዎ ግን ልመልስላቸው። ያ የወፍ ደብተር በእኔ እጅ ቢገባ የሒሳብ ደብተር ነው። በአንድ ጠዋት ካየቻቸው ወፎች ውስጥ እርግቦቹ ስንት እጅ ናቸው ብላችሁ ጠይቋት፤ ክፍልፋዩን ራሷ ትጽፋለች፤ ወደ መቶኛም ትለውጠዋለች። የመስከረምንና የኅዳርን የመስቀል ወፎች ብዛት በባር ግራፍ ትሥራ፤ መምህሩ የነገሯት የላባ ለውጥ በግራፉ ላይ ቁልቁል ሲወርድ ታየዋለች። አማካይ፣ ንጽጽር፣ ሠንጠረዥ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ልጆች ክፍልፋይ የሚከብዳቸው ብዙ ጊዜ የማን ክፍልፋይ እንደሆነ ስለማያውቁ ነው፤ እሷ ግን የማን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች፤ ቆማ የቆጠረችው ነው። አስጠኚ ሲቀጥሩም ደብተሩን በመጀመሪያው ቀን ያሳዩት፤ ገልብጦ ሳያይ ወደ ጎን ካስቀመጠው ሌላ ይፈልጉ።


አያት ከአራት ኪሎ

ልጄ፣ ያንተን ጽሑፍ የልጅ ልጄ አንብባልኝ ይኼንንም እሷ ናት የምትጽፍልኝ። ሁሉም ስለ ቅዳሜ ሲከራከር ልጅቷን የጠየቃት ሰው አላየሁም። የ11 ዓመት ልጅ ከበሮ ይዛ የሰው በር ካንኳኳች፣ የተሰበሰበውንም ገንዘብ ተከራክራ ከተካፈለች፣ ስለ ራሷ ቅዳሜም አፍ አላት። አስቀምጠህ ፈተናውንም፣ ሒሳቡንም፣ የገንዘቡንም ነገር ሳትደብቅ ንገራት፤ ከዚያ እሷ የምትለውን ስማ። ራሷ ያወጣችውን ፕሮግራም አክብራ ትይዘዋለች፤ አንተ ያወጣህላትን ግን በየሳምንቱ አንተው ስትጎትታት ትኖራለህ።

የአበባየሆሹን ነገር ስሰማ ደስ ብሎኛል። እዚህ አራት ኪሎም ዘንድሮ የመጡልን ልጆች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹም በስልክ የተቀዳ ዜማ ከፍተው እላዩ ላይ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ለእነዚህ ሳንቲም ሰጥቼ ለከበሮዎቹ ብር እሰጣለሁ። የሚቀጥለው ዓመት እንዳይበተኑባችሁ ከፈለጋችሁ ከነሐሴ ጀምራችሁ ወደ ኮንዶሚኒየም ለሄዱት ቤተሰቦች ደውሉላቸው፤ ልጆቻቸውን ለጳጉሜን አምጥተው ቢያሳድሯቸው የሚጠሉ አይመስለኝም። ጽጌም እያለቀ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ትንሿ አበባ የምትሥል ከሆነ በዓሉን ትይ፤ በዚህ ወር ዜማው ሁሉ አበባ ነው።

ለትንሿ ሌላም ነገር አስቤላታለሁ። ወፍ ሲጠበቅ ዝም ብላ መቀመጥ የማትችል ልጅ እግሯ ነው የሚያስቸግራት፤ እግሯን ስጣት። ታላቁ ሩጫ በዚህ ወር ነው፤ ከእሱ ጋር የልጆች ሩጫም አለ። ባትሮጥ እንኳ ሕዝቡን ትይ። እኔ ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ቴሌቪዥን ካለበት ጎረቤት ቤት ተጨናንቀን ነው ያየነው፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበረች። በማግስቱ የግቢያችን ሴቶች ልጆች ሁሉ ጫማቸውን አውልቀው ጃን ሜዳ ሲሮጡ ዋሉ፤ እናቶቻቸው የተቀደደ ቀሚስ ሲሰፉ አመሹ።


የሰባ ደረጃው አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እማማ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ልጅቷን ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና፣ ቅዳሜ ወፎቹ የሚበዙት በማለዳ ስለሆነ ጠዋቱን እንድተውላት፣ ሒሳቡን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ከበላች በኋላ ሁለት ሰዓት እንድታጠና፣ ረቡዕ ማታ ደግሞ የከበዳትን ብቻ ከአስጠኚ ጋር እንድታይ ሐሳብ አቀረበች። ይህን ወር በዚህ መልክ እንሞክርና የወሩን የሒሳብ ውጤት አይተን እንደገና እንነጋገራለን ብለን ተስማምተናል። እህቴ ለጊዜው አልረካችም፤ የባር ግራፉን ሳሳያት ግን ዝም ብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችውና ታኅሣሥ ላይ ስንት ይሆናል ብላ ጠየቀች።

የሥዕሉን ትምህርት አሁን አናስጀምርም። ትንሿ ግን የልጆቹን ሩጫ ስትሰማ ከአሁኑ በሰባ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ጀምራለች፤ የሚያልፉ ሰዎች ሰዓት እንዲይዙላት ትጠይቃለች፤ የማያቆም ሰው እስካሁን አላገኘችም። ከእርግቦቹም ውስጥ ባለ ነጭ ማጅራቱ በእርግጥ ተገኝቷል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ የተቀመጠ ሥዕል ነበርና ትልቋ በባዶው መስመር ላይ ስሙን ጻፈችበት።

መምህር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ከእሷ አለኝ፦ ወንዶቹ ሁሉ ቡናማ ከሆኑ በኋላ የትኛው የመስቀል ወፍ እንደሆነ የምታውቅበት ምልክት ይኖራል?


የባዮሎጂ መምህር

ለቀዩ ያስቸግራታል፤ ለቢጫው ግን አለ። ቢጫና ጥቁር የሆነው ወንድ በደጋው ላይ ያለው ዝርያ ከሆነ፣ ሌላው ላባው ቡናማ ሲሆን እንኳ ከጀርባው በታች፣ ከጭራው በላይ ያለውን ቢጫ ቦታና ትከሻው ላይ ያለውን ቢጫ አይለቅም። ተቀምጦ ሳለ ክንፉ ስለሚሸፍነው አይታይም፤ ሲነሣና ሲበር ነው የሚታየው። ስለዚህ ሣሩ ውስጥ የተቀመጠውን ከማየት ይልቅ መንጋው ሲነሣ ከኋላ ትመልከት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጋ ብትቆም ቀለሙ ጎልቶ ይታያታል። ባይኖኩላር ከሌላችሁ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መንጋው በቅርብ ስለሚነሣ ዓይን ይበቃል። እንጦጦ በዚህ ወር ማለዳ ብርዱ ይከፋል፤ ሁለቱም ሹራብ ይልበሱ፤ የታናሽየዋን ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ከሣሩ ራቅ አድርጉላት።